በአያቷ ስም የተጠቀሰችው ልጄ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ጥቂት ነን። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምርና ስለ መድኃኒት የምትመራመር ልጄ አለች። እናቷ አለች። ደባርቅ ላይ ወፍጮ ቤት ያለኝ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብና መጻፍ የለመድኩ እኔ አለሁ። ዳባት የተቀበረው አባቴ አለ። ጎረቤቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌም አሉ። የማናችንንም ስም አልጽፍም፤ ስም ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

የልጄ ሥራ ናኖ በሚሉት እጅግ የላመ ብናኝ ነው። አንድ ጊዜ፣ «ከእኔ ዱቄት ይልማል?» ብያት ነበር።

«አባዬ፣ የእርስዎ ዱቄት ከሱ ጎን ቋጥኝ ነው» አለችኝ። ቅር አለኝ። በዱቄቴ ሲቀለድ አልወድም።

ከወርቅ የተሠራ፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ መድኃኒት ተሸክሞ ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ የያዘው ሰው ሰውነት ውስጥ እንዲገባ ነው የምትደክመው። ከእኛ አገር ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው ሆዳቸው ተነፍቶ የሚመለሱትን ልጆች እያየች ነው ያደገችው።

አንድ እሑድ ደወለች። «አባዬ፣ ግማሹ ሥራዬ ጠፋ።»

«ማን ሰረቀሽ?»

«ማንም። እኔው ሁለት ሰው ሆኜ ተገኘሁ።»

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የተመራማሪ ሥራ የሚመዘነው ሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፋቸው ስንት ጊዜ ጠቀሱት ተብሎ ነው። ፈረንጆቹ ደግሞ ሰውን የሚጠቅሱት በመጨረሻ ስሙ ነው። እዚህ አገር ሆና የጻፈቻቸው በእሷ ስምና በአባቷ በእኔ ስም ተጠርተው ስለወጡ፣ የሚጠቀሱት በእኔ ስም ነው። ውጭ ስትማር የጻፈቻቸው ግን በፓስፖርቷ ላይ ባለው ስም ወጡ፤ በዚያ መጨረሻ ላይ ያለው የአያቷ ስም ነው። ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ቆጠራት። ለየብቻ ሲታዩ አንዳቸውም ለደረጃ ዕድገት አይበቁም። ዕድገቱ ካልጸደቀ፣ ከባዶ ያቋቋመችው ቤተ ሙከራ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሁሉም በአንድ ስም ሥር መሰብሰብ ነበረበት። ለዚያም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥ፣ ቤተሰቡን ከሥሩ የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ።

«የትኛውን ስም መረጥሽ?» አልኳት።

«ብዙ የተጠቀሱት በአያቴ ስም ያሉት ናቸው። ከፈቀዱልኝ።»

አባቴ ማንበብና መጻፍ ከሚያስተምረው ከፊደል ሠራዊት ጎትቶ አውጥቶ በሬ ያስጠበቀኝ ሰው ነው። ለመማር ስኮበልል የመሬት ድርሻዬን ለወንድሞቼ አካፈለ። ልጅ በአባቱ ስም መጠራቱ ሕግ ነው፤ እኔ ደግሞ ይህችን ልጅ እያንዳንዱን ፈተናዋን ከራሷ በላይ ፈርቼ ነው ያሳደግኳት።

ማታ ባለቤቴ ያልነካሁትን ሳህኔን አየች። «አንተ ሰውዬ፣ በሞተ ሰው ትቀናለህ እንዴ?»

«አልቀናም።»

«እንግዲያ ብላ!»

ምስክር ፍለጋ ዳባት፣ የአባቴ ጎረቤት ወደነበሩት ሽማግሌ ሄድኩ። ሽማግሌው ጉዳዩን ስነግራቸው ሳቁ። «ፈረንጅ አገር ስሙ ይጠራል? ያ ጎንደርን እንኳ ሳያይ የሞተው ሰውዬ?» ከዚያ ኮስተር አሉ። «እኔም እመሰክራለሁ፣ ሌሎችም ይመሰክራሉ። መጀመሪያ ግን ይቅር ብዬዋለሁ በል። ቂም ይዘህ በሙት ስም ፍርድ ቤት አታቆመንም።»

አንድ ቃል ነው። ብዬው ብወጣ ማን ያውቅብኛል? ነገር ግን ልጆቼን ከዚህ ባነሰ ውሸት ቀጥቻለሁ። ውሸት ለበጎ ሲሆን ይፈቀዳል የሚል ሰው፣ በጎውን ራሱ እየመረጠ ይኖራል። «አባባ፣ አልቻልኩም» ብዬ ተነሣሁ።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። ዕድገቱን የሚወስነው ኮሚቴ የሚሰበሰብበት ቀን ተቃርቦ ነበር።

«ይቅር ብዬዋለሁ ይበሉ ብዬ አልለምንዎትም» አለችኝ። ድምጿ ግን ለመነኝ።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ዳባት ተመለስኩ። ሽማግሌው አውድማ ላይ ነበሩ።

«አባባ፣ ይቅር አላልኩትም። ዛሬም ያመኛል። ግን ልጄ የእኔን ስም ትታ የእሱን ትያዝ ብያለሁ። ከዚህ በላይ የለኝም።»

መንሹን አውድማው ዳር አቆሙ። «ይህ ይቅርታ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ውሸትም አይደለም» አሉና ጋቢያቸውን አነሡ።

የፍርድ ቤቱ ማስረጃ ሲደርስ ኮሚቴው ተሰብስቦ ተበትኖ ነበር። ልጄ ዕድገቱን በሚቀጥለው ስብሰባ አገኘች፤ ቤተ ሙከራውን ግን ያኔ ሌላ ሰው ይመራው ነበር፤ ዛሬም በእሱ ሥር ትሠራለች። ምስክሮቹ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ያልተወቃ ጤፋቸውን ዝናብ መታው። እናቷ ከዚያ እሑድ ወዲህ በስልክ ጥሪ መደንገጥ ጀመረች፤ እስካሁን አልተዋትም። እኔ በልጄ ሥራ ላይ የነበረኝን ስም ከፈልኩ። አባቴ ብቻ ምንም አልከፈለም።