የወንድሜ ስንኝ

ልጄ ለወላጆች ቀን የምታነበውን ግጥም ጀሞ ባለው ቤታችን ደረጃ ላይ ቆማ ስትለማመድ ሰማኋት። ስለ ደወሉ፣ ስለ ጠመኔው፣ ስለ ምሳ ዕቃዋ ነው። ታላቅ ወንድሟን ስታነሳ የማጥበውን ሳህን አስቀመጥኩት።

እኔም በደርግ ጊዜ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ላፍቶ በነበረው ትምህርት ቤታችን ሰንደቅ ዓላማው ሥር ግጥም እንዳነብ ተመርጬ ነበር። ጠዋት ከመሄዴ በፊት ለእናቴ አሰማኋት፦

«ሂሳብ ሲከብደኝ የቤት ሥራ በዝቶ፣
ወንድሜ ያስረዳል አጠገቤ መጥቶ።»

እናቴ የምትለቅመውን ምስር ጥላ አፌን በመዳፏ ከደነችው። ወንድሜ ወደ ጦር ሜዳ እንዳይወስዱት ከአፈሳ ሸሽቶ እቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቆ ነበር። ለቀበሌ ግን ጠፍቷል ብላ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ልታስፈጂን ነው? ወንድም የለሽም! በይ!»

«ወንድም የለኝም።»

«እንደገና!»

«ወንድም የለኝም» አልኩና አለቀስኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። «‹መምህሬ› በይው፤ ቤት መምታቱን አይተውም።»

«ውሸት ነው እኮ ጋሼ! መምህራችን አጠገቤ መጥተው አያውቁም።»

«ግድ የለም፤ በይው እስቲ።»

እሱን ከግጥሙ አውጥቼ አነበብኩለት።

«ጎበዝ፤ ድገሚው» አለኝ።

«እማዬ፣ ጥሩ ነው?» አለች ልጄ ልምምዷን ጨርሳ ወደ ቤት ገብታ።

«ጥሩ ነው። ወንድምሽን ግን ከግጥሙ አውጪው።»

«ለምን?»

ጋሼ ያኔ የነበረበት ዕድሜ ላይ የደረሰው ወንድሟም ከመኝታ ክፍሉ ብቅ ብሎ መልሴን ይጠብቃል።