በጭፈራ የተዘራ ጤፍ

ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት ሠርግ ቤት ከበሮ ሲመታ ሰማሁና እግሬ ጭቃ አማረው።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም ነበር። ከወሎ በሰፈራ የመጣው አባቴ በቆሎና ማሽላ ቢያመርትም ልቡ ጤፍ ላይ ነበር። በዚያ ክረምት ከዘመድ ዘር አገኘ። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ግን ማሳው በከብት ይረገጣል፤ አለዚያ ያቺ ደቃቅ ዘር በላላው አፈር ውስጥ ጠልቃ ትቀራለች። የእኛን በሬዎች ደግሞ ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ጨርሷቸው ነበር።

«ማን ይረግጥልኛል?» አለ አባቴ ማሳው ዳር ተክዞ።

አኙዋኳ ጎረቤታችን አሪየት ሰምታ ሳቀች። «መርገጥ ብቻ ነው? እኛ እግር የለንም?»

ወዲያው ሰፈሩን ጠራችው። ከበሮም መጣ። አሪየት እጄን ይዛ ጭቃው መሀል አስገባችኝ። የሞቀው ጭቃ በጣቶቼ መካከል ሽቅብ ሲወጣ ኮረኮረኝና ጮህኩ። ዓይን አፋሯ እናቴ እንኳ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባች፤ እስክስታዋ ከአኙዋክ ዝላይ ጋር ተደባለቀ። ማሳው እንደ አውድማ ተደለደለ፤ አባቴም ዘሩን በተነ።

በሳምንቱ ጤፉ ብቅ አለ። አባቴ ቁጢጥ ብሎ በመዳፉ እየዳሰሰው፣ «አሁን ገና ደረስን» አለ። እኔ እዚያው ስለተወለድኩ የት እንደደረስን አልገባኝም።

ዛሬ ለአባቴ ደወልኩና፣ «ያኔ የት ነበር የደረስነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሰው ዘንድ ነዋ ልጄ!» አለኝ እየሳቀ።