ውሃ ሰማያዊ ቀሚሴና የእናቴ ክብሪት

እናቴ ጨርቅ አይታና ዳስሳ ብቻ አትገዛም። ታቃጥለዋለች። ነቀምቴ ገበያ መሀል ቆማ አንድ ክር ትመዝና ክብሪት ትለኩስበታለች፤ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠጠረ ደግሞ «ላስቲክ»። ሳቲን በሉት፣ ጀርሲ በሉት፣ ዳንቴል በሉት፣ እሷ ዘንድ ሁሉም ስማቸው ላስቲክ ነው።

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ አንገር ጉቲን ላይ ስታገባ እኔንም ሚዜ አደረገችኝ። ትእዛዟ አጭር ነበር፦ ጨርቁን እንደየምርጫችሁ ግዙ፣ ግን ውሃ ሰማያዊ ያልለበሰች አትሰለፍም። እኔማ የሚያብለጨልጨውን ሳቲን ከመረጥኩት ቆይቻለሁ።

«አካም ጅርቱ አዴ! ንጹሕ ሐር ነው» አለ የገበያው ጨርቅ ነጋዴ፣ እናቴን በኦሮምኛ ሰላም ብሎ ሳቲኑን እየዘረጋ።

እናቴ ክብሪቷን አወጣች።

«ማሎ፣ እባክዎ አዴ! የሚለበስ ነው እንጂ የሚማገድ አይደለም!»

ሐሩ ዶቃ ሆነ። «ይህን ሐር የተፋው ትል ፌስታል እየበላ ነው ያደገው» አለችው።

ከዚያ ሌላ፣ ፈዘዝ ያለ ውሃ ሰማያዊ ወረደ። ክሩ ተመዘዘ፣ ተለኮሰ፣ አመድ ሆነ። እናቴ ኒሻን የተሸለመች መሰለች። ነጋዴው ጨርቁን ከከተተበት ቦርሳም ክር ልትመዝ ሞከረች፤ ክሩ እምቢ አላት።

«እሱ አልተሸመነም አዴ፣ ተጨፍልቆ ነው የተሠራው።»

«እሱማ ያስታውቃል» አለች፣ ገና አሁን የሰማችውን።

የሠርጉ ለት የአንገር ጉቲን ቆላ ገና በማለዳው ያቃጥላል። እናቴ «ጥጥ ነው፣ ምን ይሆናል!» ብላ የጋለውን የከሰል ካውያ በተሰፋው ቀሚሴ ጀርባ ላይ ጫን አደረገችበት። እሽሽሽ አለ። ካውያው ሲነሳ ከቀሚሱ ወገብ በታች መስኮት ተከፍቷል። ለካ በገበያ የመዘዘችው ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚሄደውን ክር ብቻ ነበር። እሱ እውነትም ጥጥ ነው። በጎን የሚያልፈው ማግ ግን ላስቲክ ኖሯል፤ ማጉ ቀለጠና ድሩ ብቻ እንደ ክራር ተወጥሮ ቀረ። ድርና ማግን የማትለየው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እናቴ፣ ከወሎ የመጣ ሸማኔ ልጅ!

ውጭ «ሚዜዎች ተሰለፉ!» ተባለ። እኔ እንባዬ ዱብ ዱብ።

«በዚህማ አልወጣም! የውስጥ ልብሴን ላሳይ?»

«ዝም በይና ውጪ። እኔ ከኋላሽ ነኝ።»

እውነትም ከኋላዬ ነበረች። ስሄድ ትሄዳለች፣ ስዞር ትዞራለች። ጭፈራው ሲደራ ግራ ቀኝ ስል፣ ጉልበቴን ያመኛል ባይዋ እናቴ ከሚዜዎች እኩል ትዘላለች። በሠርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ ከውሃ ሰማያዊዎቹ መሀል አንዲት ጥቁር አረንጓዴ የለበሱ ትልቅ ሴትዮ አሉ፣ ከሁላችንም በላይ እየሳቁ።

«አክስቴ፣ ምነው ከሚዜዎቼ መሀል አልወጣ አልሽ?» አለቻት ሙሽራዋ ፎቶ አንሺው እስኪያስተካክለን።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ይቺ ልጅ ዓይነ አፋር ናት፤ ብቻዋን መቆም አትችልም።»

እኔን ነው!