የጴጥሮስ ሁለተኛ ዓይን

አባዬ ዲሲ አጠገብ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ሊዛወር ስለሆነ የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንቱን ዕቃ ሳሽግለት፣ ከውዳሴ ማርያሙ ውስጥ አንድ ፖስትካርድ ወደቀ። ሳየው ብቻዬን ሳቅኩ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለሆምወርኬ ብሎ ዲሲ ሙዚየም ወስዶኝ ነበር። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። አንድ የጥንት ጀርመናዊ መዳብ ላይ ቀርጾ ያተመው የመጨረሻው እራት ፊት ቆምን። ከሐዋርያቱ ስድስቱ በጎን ስለተቀረጹ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። በእኛ ሥዕል ደግሞ ባንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ሰው ነው። አባዬ ቆጠራቸውና፣ «ስድስት ይሁዳ» አለ ደንግጦ።

ከሥር ያለውን ጽሑፍ አነበብኩለት። «ከጌታ ቀጥሎ ያለው ጴጥሮስ ነው ይላል።»

«ታዲያ ጴጥሮስ ምን በድሎት ነው?»

መውጫው ላይ የሥዕሉን ፖስትካርድ ገዛ። እቤት እንደገባን በቀጭኗ ብሩሽ ለአምስቱ ሁለተኛ ዓይን ጨመረላቸው፤ ከረጢት የያዘውን ብቻ ተወው። «ጻድቅ ፊቱን አያዞርብሽም» አለኝ። ያኔ ብዙም አልገባኝም።

የጴጥሮስ አዲሷ ዓይን ያረፈችው ጆሮው ሥር ነው። አሁንም ትክ ብላ ታየኛለች። ለአባዬ ኮል አደረግኩለት።

«ጴጥሮስን አገኘሁት» አልኩት።

«ደህና ያያል?» አለኝ።