ሰባትን አጥፊው

አለቃዬን ግቢው በሙሉ የሚያውቀው «ዶክተር ወረፋ» ብሎ ነው። ስሙን ያወጡለት ተመራማሪዎቹ ናቸው፤ እሱም ሲጠሩት ያለ ቅሬታ «አቤት» ይላል። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ግን አንተ ካላልኩት ወሬው አይጣፍጥልኝም፤ አሥራ አራት ዓመት አብሬው ስለሠራሁ ይቅር ይለኛል።

ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ እናቱም እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ማሽኖች ግራና ቀኝ የተደረደሩበት አዳራሽ አለ። ተመራማሪዎች በእጅ ቢያሰሉት ዕድሜ የማይበቃውን ስሌት ወደዚያ ይልካሉ። ማሽኑ ውስን፣ ስሌቱ ብዙ ስለሆነ ወረፋ አለ፤ ማሽኑንም ወረፋውንም የሚመራው እሱ ነው። እናቱ አንድ ቀን ሊጎበኙት መጥተው የአዳራሹ ብርድ ጥርሳቸውን ሲያንቀጫቅጨው «ለካ ልጄ ማሽን ነው የሚያቀዘቅዘው» ብለው ሄዱና ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው የተበላሸ ፍሪጅ እያሸከመ ቤቱ ይመጣ ጀመር። ዶክተር ወረፋ ከወረፋ በቀር በምንም ነገር እምቢ ማለት አይችልም፤ ሦስቱን ጠግኖ መለሰ፣ አራተኛው ግን እጁ ላይ አረፈ።

«ግደል» የሚለው ቃል በእኛ ሥራ እንደ ሰላምታ ነው። አልንቀሳቀስ ያለ ስሌት ይገደላል፤ ከሥሩ የወለዳቸው ትንንሽ ስሌቶች ደግሞ ልጆች ስለሚባሉ አብረው ይገደላሉ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ሳለን ቢሮ የቀረው ባልደረባችን ደወለለት። ዶክተር ወረፋ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ «አይተርፍም፣ ከትናንት ጀምሮ እየተሠቃየ ነው፤ ግደለው። ልጆቹንም አብረህ። አንድ እንዳታስቀር» አለ። ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ «ወራጅ አለ» አሉ። ከጎናቸው ያለውም ወራጅ ሆነ፣ ከኋላ ያሉትም እንደዚያው። በመጨረሻ እኛና ሹፌሩ ብቻ ቀረን፤ ሹፌሩም መሪውን የሚያስረክበው ቢያገኝ ይወርድ ነበር።

ድሮ ፊዚክስ ነበር የሚያጠናው። ለዶክትሬቱ ውሃ በሸክላ አፈር ውስጥ እንዴት እንደሚሰርግ የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፎ፣ አልጋው ሥር ባስቀመጣት አንዲት ኮምፒውተር ላይ አሥራ አንድ ሳምንት አስኬደው። ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ታናሽ እህቱ ቀሚሷን ልትተኩስ ሶኬቱን ነቀለችው። «ፊቱ ዐመድ መሰለ» ትላለች እህቱ ስታወራው፤ «ከዚያ ደግሞ ‹ለመሆኑ ቀሚሱ ተተኮሰ?› ብሎ ጠየቀኝ።» ትልቁን ጥያቄ ወደ ጎን ትቶ፣ ዶክትሬቱን በአነስተኛ ስሌት ያዘ። አስተማሪ ሆኖ በተቀጠረ በዓመቱ ከሬጅስትራር የተጣሉ ስድስት ኮምፒውተሮች ለምኖ፣ መወልወያና ባልዲ ይቀመጥበት በነበረ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ አገናኛቸው። የማንም ድካም በካውያ ምክንያት እንዳይቀር ነው የሚፈልገው። የዛሬው አዳራሽ ከዚያ ክፍል ነው ያደገው፤ እኔም የተቀጠርኩት ባልዲዎቹ ገና ሳይወጡ ነው።

የወረፋው ሕግ አንድ መስመር ነው፦ ቀድሞ የመጣ ይቀድማል። አንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት ራሳቸው መጥተው የምርምር ቡድናቸው ስሌት እንዲቀድምላቸው ጠየቁት። ዶክተር ወረፋ ወንበር ሳበላቸው። «ምነው?» ቢሉት፣ «ወረፋዎ እስኪደርስ እንዳይቆሙ ብዬ ነው» አላቸው። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ፕሬዝዳንቱ ትንሽ አዩትና ተቀመጡ፤ ሻይ ጠጥተው ተጨዋውተው ሄዱ። ስሌታቸው የደረሰው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ከቦታው ሊያነሱት የነበረው። ዩኒቨርሲቲው አዲስ ደንብ አወጣ፦ ማዕከል የሚመራ ሰው ሙሉ ፕሮፌሰር መሆን አለበት። ዶክተር ወረፋ ደግሞ ዕድሜውን የፈጀው የሌላውን ስሌት ሲያስኬድ ስለሆነ፣ በራሱ ስም የታተመ ጽሑፍ በጣት የሚቆጠር ነው። የማዕረግ ኮሚቴው ሰብሳቢ የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰሩ ናቸው። ግቢው ከኋላቸው «ኮከብ ቆጣሪው» ይላቸዋል፤ ስሙን ሲሰሙ ጠንቋይ የተባሉ ያህል ደማቸው ይፈላል። እሳቸው በጉባኤ ላይ «ማሽን ማስተዳደር ምሁርነት አይደለም» ብለው ቁርጡን ነገሩት። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ትልቅ ምርምር በራሱ ስም ካላቀረበ ማዕከሉን አስረክቦ ክፍል ውስጥ ማስተማር ብቻ ይቀረዋል። እኔ አዳራሹን ያለ እሱ ላስበው ሞከርኩና አቃተኝ።

እሱ ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት፣ ለማንም ሳይናገር ያንን የሸክላ አፈር ጥያቄ ከድሮው አስፍቶ አንሥቶት ኖሯል። ሰው ሰምቶ እንዳያደላለት ስሌቱን በራሱ ስም አላስገባውም፤ «ሙከራ ሰባት» ብሎ እንደማንኛውም ሰው ወረፋ ይይዛል። ውጤቱንም ያስቀመጠው መጠባበቂያ ቅጂ በማይያዝበት፣ ማንም ፋይሉን ለጊዜው በሚያስቀምጥበት ክፍት ቦታ ላይ ነው፤ የሌላውን ሰው ቦታ ላለማጣበብ ነው ይህ ሁሉ። ትንሽ በትንሽ እየተራመደ በስምንት ወር ጨረሰው። የቀረው መጻፍ ብቻ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማቀዝቀዣው ታወከና ሰባተኛው ማሽን ከመጠን በላይ ጋለ። ዶክተር ወረፋ ስብሰባ ላይ ስለነበር «ሰባት እየጋለ ነው» የሚል መልእክት ላክሁለት። መልስ ስጠብቅ ማሽኑ በራሱ ቀዘቀዘልኝ፤ እኔም ረሳሁት። ሌላ ጣጣ መጣ፤ ክፍቱ ቦታ ሞላ። ማን ነው የሞላው ብዬ ሳይ «ሙከራ ሰባት» የሚባል ባለቤት አልባ የፋይል ክምር ግማሹን ይዞታል። ደወልኩለት።

«ዶክተር፣ ሰባትን ምን ላድርገው?»

በሹክሹክታ ነው የመለሰልኝ፤ መልእክቴን ገና ያን ጊዜ ማንበቡ ነበር። «ምን ትጠብቂያለሽ፣ አጥፊው» አለኝ።

በቋንቋችን መብራትም ይጠፋል፣ ጽሑፍም ይጠፋል። እሱ ማሽኑን አጥፊው ማለቱ ነው። እኔ ክምሩን አጠፋሁት። እንዲያውም ሥራዬ በመቅለሉ እያፏጨሁ ነው ያጠፋሁት፤ ይህንን ሳስታውስ ዛሬም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ መጥቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። አንድ ነገር ሲፈልግ ቆየ። ከዚያ «እህቴ፣ እዚህ የነበረው ሙከራ ሰባትስ?» አለኝ።

«አጥፊው አሉኝ እኮ።»

«እሱን ነው ያጠፋሽው?»

«የማን ነበር?»

ጣቱን ወደ ራሱ ቀሰረ። ያን ጊዜ ገባኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ ደግሞ ሊያጽናናኝ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ የሁለታችንንም ኩምሽሽ ማለት ያየች የጽዳት ሠራተኛ ምን እንደመሰላት እንጃ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችልን።

«ሰባተኛው ማሽንስ ደህና ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

ፕሮግራሙ አለ፣ መነሻ ቁጥሮቹም አሉ፤ የጠፋው ውጤቱ ነው። እንደገና ይሰላ ከተባለ፣ ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ ባገኘ ቁጥር ራሱን እያሰፋ ስለሚሄድ፣ ማሽኑን በሙሉ ቢይዝ በዘጠኝ ቀን ያልቃል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ችግሩ ከፊቱ አርባ ሦስት ስሌት መሰለፉ ነው።

«ዶክተር፣ ያስቀድሙት። ቁልፉ በእጅዎ ነው፣ ማንም አይጠይቅዎትም» አልኩት።

«ወረፋ አለ» አለኝና ስሙን አርባ አራተኛ ላይ አስገባ። በዚያ ቀን እንደ ተናደድኩበት ተናድጄበት አላውቅም። ሰው እንዴት እንዲህ ድርቅ ይላል? በሩን በኃይል ወርውሬ ወጣሁ።

ለሰው አላወራሁም፤ ለአንዲት ሴት ብቻ ነው ያወራሁት። የአየር ጠባይ ተመራማሪዋ፣ እኛ «ዝናቧ» የምንላት፣ ካፌው ውስጥ ሳለቅስ አገኘችኝና ምን ሆንሽ አለችኝ። ነገርኳት። ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ደረቅ ናት ብዬ ታዘብኳት።

በማግስቱ ጠዋት ገብቼ ወረፋውን ስከፍት ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። ሌሊት አምስቱ አልቀው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ሠላሳ አንድ። ዐይኔን አሸት አሸት አድርጌ አየሁ። ሃያ ሁለት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ ስድስት ሲል ዳር ዳሩን ገባኝ፤ ዝናቧ ሻይዋን ትታ የሄደችው ለዚህ ኖሯል። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ባልደረባዬን ጠርቼ ሁለታችን እንደ እግር ኳስ ውጤት እንከታተለው ጀመር፤ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ አምስት። ሁለት ላይ ደርሶ ቆመ። አንዱ የእሱ ነው። ሌላው ከሁሉ ፊት የተሰለፈው፣ ሁለት ወር ሙሉ ማሽኑን ብቻውን ለመያዝ ሲጠብቅ የኖረው፣ በዚያው ቀን ሊጀምር የነበረው የኮከብ ቆጣሪው ስሌት ነው። «በቃ፣ እሳቸው ናቸው፤ ምን እናደርጋለን» አለኝ ባልደረባዬ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ቁጥሩ አንድ ሆነ።

ሁለታችንም ተቃቀፍን። የሸክላው ስሌት ማሽኖቹን አንድ በአንድ እየያዘ ሲሄድ አዳራሹ ውስጥ ያለው ንፋስ ድምፁ ጨመረ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲሠሩ እንዲህ እንደሚያጓሩ አላውቅም ነበር።

በሩ ተበረገደና ዶክተር ወረፋ እያለከለከ ገባ። ወረፋውን በስልኩ አይቶ ከክፍል ነው ሮጦ የመጣው፤ እጁ ላይ ጠመኔ አለ። «ወረፋው ተበላሽቷል» አለ። «አንድ ብቻ ነው የሚያሳየው። አርባ ሦስት ሰው ጠፍቷል።» በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ወረፋው ባዶ ሆኖ አይቶ ስለማያውቅ፣ ከብልሽት በቀር ሌላ ምክንያት አልታየውም። ሊያስተካክለው ቁጭ አለ። ሥርዓቱን አጥፍቶ ሊያስነሣ ትእዛዙን እየጻፈ ነው፤ ያቺን አንዲት ቁልፍ ቢጫን የራሱ ስሌት አብሮ ይሞታል። ጣቱ ሲወርድ እጁን ቀጨም አድርጌ ያዝኩት።

«ዶክተር፣ እጅዎን ያንሡ።»

«ልቀቂኝ፣ የሰው ሥራ ነው የጠፋው።»

«አልጠፋም። ባለቤቶቹ ናቸው የሰረዙት።»

አላመነኝም። ስሌቱን የሚሰርዝ ሰው ምክንያቱን መጻፍ ግዴታው ስለሆነ፣ ዝርዝሩን ከፍቼ ፊቱ አደረግሁለት። አንብቦ ይመን። ዝናቧ «ዝናቡ ዘንድሮ አይቸኩልም» ብላለች። የመድኃኒት ቅመማው ቡድን «ሻይ እየጠጣን ነው» ይላል። አንዱ ተማሪ «ስሌቴ ስሕተት ነበረው፣ አሁን ነው ያየሁት» ብሎ ዋሽቷል፤ ስሕተት እንዳልነበረው እኔ አውቃለሁ። ፕሬዝዳንቱም ነበሩበት፤ «ወንበር አለኝ፣ ተቀምጬ እጠብቃለሁ» ብለው ጽፈዋል። እዚያ ላይ ሳቀ። እንጥሉ እስኪወርድ ነው የሳቀው፤ እኛም አብረን ፈረስን፤ ሳቁ መሐል ላይ ዕንባ ሆነበትና ጠመኔ በያዘ እጁ ሲጠርገው ፊቱ ነጭ በነጭ ሆነ።

የፕሮፌሰርነቱ ደብዳቤ በኋላ መጥቷል፤ አዳራሹንም ዛሬ ድረስ የሚመራው እሱ ነው። ለእኔ ግን ነገሩ ያለቀው እዚያው ወንበር ላይ፣ የመጨረሻዋን መስመር ጮክ ብሎ ሲያነብ ነው። ኮከብ ቆጣሪው እንደ ልማዳቸው ቃል ሳያባክኑ «ተራው የእሱ ነው» ብለው ነበር።