ቤዝ ጊታሬ ውስጥ የገባው ዝንብ

ቤዝ ጊታር ሊገዛ ለሚነሳ ሰው የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ብቻህን አትሂድ የሚል ነው። እኔ ብቻዬን ሄጄ ገዛሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ስላልነበረኝ ነው።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ዛሬው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አይታይም። የሚገኘው አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ ቤት ነበር። እኔም የኔን ያገኘሁት በኮተቤ መንገድ ከሚኖር አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ነው። ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ ድስቱን ሁሉ ግቢው ውስጥ ደርድሮ፣ ቤዙን ግን ለብቻው አልጋ ላይ አጋድሞት ነበር። ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል። ገና ከበሩ ሳየው ልቤ ጥሎኝ ሄደ።

እንዲህ ስትሆኑ ልባችሁን አትስሙት። ጊታሩን እንደ ጠመንጃ አንሱና አንድ ዓይን ጨፍናችሁ አንገቱን ከራሱ በኩል ወደ ታች ተመልከቱ፤ ጎብጦ ወይም ተጣሞ እንደሆነ ይታያችኋል። አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ስስ ብረቶች አንድም ሳትዘሉ እየተጫናችሁ አዳምጡ። የምታውቁትን ዜማ ብቻ ተጫውታችሁ ደስ ብሏችሁ አትውጡ፤ ጉድለቱ የሚደበቀው እናንተ በማትነኩት ቦታ ነው። ማዞሪያዎቹ ከተንኮሻኮሹ አቧራ ነው፣ አያስፈራም። ማጉያው እምም እያለ ሲያስቸግር ክሩን በእጃችሁ ንኩት፤ ዝም ካለ ደህና ነው፣ ከባሰበት ግን ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ አለ። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላደረግኩም። ቀለሙን ወደድኩና ተሸክሜው ወጣሁ። ሰውየው እስከ በር ሸኝቶኝ በተሰባበረ አማርኛ አንገቱ ውስጥ ብረት እንደተቀበረ ነገረኝና ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን አሳይቶ «አትንካ» አለኝ። እሺ አልኩ፤ አልነካሁምም።

ያን ያህል የቸኮልኩበት ምክንያት ነበረኝ። የአንድ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ሥራ ለቆ ነበር፤ የባንዱ አለቃም «ቤዝ ያለው ሰው ይግባ» ብሏል። ቀን ቀን ማተሚያ ቤት ፊደል እየለቀምኩ እውል ነበር። ማታ ከየካ ሚካኤል በታች ወደተከራየኋት አንዲት ክፍል እገባለሁ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው አይነጋገርም፤ ክፍሌ ውስጥ ደግሞ ሰው የለም። ባንዱ ከገባሁ በኋላም ከሰው ጋር አብሬ አንድ ነገር የምሠራው ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት፣ በባንዱ ልምምድ ላይ ብቻ ነበር። ያንን ቦታ ባጣ ምን እንደሚቀረኝ አስቤ አውቃለሁ። ምንም አይቀረኝም ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል በሰላም ተጫወትኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ባንዱ ለፋሲካ ምሽት መዘጋጀት በጀመረ ጊዜ፣ አለቃው በዜማው መሀል እጁን አንስቶ አስቆመን።

«ቤዙ ውስጥ ዝንብ አለ» አለኝ።

«የምን ዝንብ ጋሼ?»

«ዝዝዝ የሚል ነዋ! አይሰማህም?»

አይሰማኝም ነበር። ማለቴ ድምፁ ይሰማኛል፣ ጥፋት መሆኑ ግን አይሰማኝም። ከበሮ መቺው ሰማሁ አለ፣ ዘፋኙም ሰማሁ አለ። አለቃው ለስላሳ ሰው አልነበረም፤ ወታደር ቤት ጥሩምባ ሲነፋ የኖረ ነው። «እስከ ፋሲካ ይህን ዝንብ ካላወጣህ ሌላ ሰው አመጣለሁ» ብሎ እቅጩን ነገረኝ።

ከዚያ ወዲያ ያልሞከርኩት የለም። ጊታሩን ከማጉያው የሚያገናኘውን ገመድ ለወጥኩ። ማጉያውን በካቻቪቴ ፈትቼ አቧራውን ጠረግኩ፤ ስገጥመው ውስጡ ካሉት አምፖሎች አንዱን ሰበርኩና የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነብኝ። ቀጥሎ ጥፋቱን በክሮቹ ላይ አደረግኩ። አዲስ ክር አይገኝምና የነበረን ዘዴ መቀቀል ነው። ክሩ ከላብና ከእጅ እድፍ ሲጠግብ ድምፁ ይሞታል፤ ፈልቶ በደንብ ሲደርቅ ለጥቂት ሳምንት ይነሳል። ይህ ዛሬም ይሠራል፣ ሳይደርቅ መልሳችሁ እንዳትገጥሙት ብቻ።

አከራዬ ባል የሞተባቸው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ የሚያወሩ ሴት ነበሩ። ግቢ ውስጥ ከሰል ላይ ድስት ጥጄ ሲያዩ መጡና ክዳኑን ከፈቱት።

«ዋቃዮ! ይሄ ሽቦ አይደለም እንዴ?»

«የጊታሬ ክር ነው እትዬ።»

«አንተ ልጅ፣ ሚስት አግባ። ሽቦ ቀቅሎ የሚበላ ወንድ አይቼም አላውቅ!»

አብረን ሳቅን። እዚያ ግቢ ስኖር ከሳቸው ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ክሩ ደርቆ ሲገጠም ድምፁ ጠራ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አለቃው ገና ሁለት ምት ሳልመታ «ዝንቡም ታጥቦ መጣ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

የቀረኝ አንድ ሰው ነበር። አባቴ እንጦጦ ላይ ከራጉኤል ዝቅ ብላ ባለች ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ። ትንሽ ያርሳሉ፣ በጾም ደግሞ በገና ይደረድራሉ። ሙዚቃ ሀ ብዬ የጀመርኩት ከእሳቸው ጉልበት ሥር ነው። ባንድ ስገባ አልረገሙኝም፣ አልተቆጡኝም፤ መጠየቅ ብቻ አቆሙ። እኔም መውጣት አቆምኩ። ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር።

ቤዙን በጋቢ ጠቅልዬ በጀርባዬ አዝዬ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ዳገቱን ወጣሁ። ከባሕር ዛፉ ጫካ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክሜን አይተው «ይህ ደግሞ ምን ጭኖ ነው ወደ ላይ የሚወጣው?» ተባባሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ መንገድ ሸክም ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ታች ነበር።

አባቴ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። «ምን እግር ጣለህ?» አሉኝ። ደህና ነህ ወይ፣ ከረምክ ወይ የለም። እኔም ስለ ራሴ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ጋቢውን ፈታሁና «ታሞብኝ ነው» አልኩ።

መብራት ስለሌለ ቤዙ ያለማጉያው ድምፁ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አባቴ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጠፉና «ምታው» አሉኝ። መታሁት። ነጭ ፀጉራቸው እጄን እየነካው ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ።

«ደህና ይነዝራል። ምኑን ነው የጠሉት?»

«ዝንብ አለበት ነው የሚሉት አባባ።»

«በገና ቢሰሙማ የንብ ቀፎ ነው የሚሉት» ብለው ሳቁ።

ያኔ ገባኝ። በገና ከያንዳንዱ ጅማት ሥር ቁራጭ ቆዳ የሚገባበት እንዲነዝር ነው፤ የማይነዝር በገና ድዳ ነው። የኔ ጆሮ የተቃኘው በዚያ ድምፅ ነው። አለቃው ጥፋት የሚለው ነገር ለእኔ የጤና ምልክት ነበር። አገር ምድሩ የሚሰማውን ዝንብ እኔ ብቻ ያልሰማሁት ለዚህ ነው።

አባቴ ግን በዚያ አልቆሙም። አንገቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ እንደ ሞፈር ወደ ዓይናቸው አንስተው አዩት።

«ወደ ኋላ ጎብጧል» አሉ። «ከተጫወትክ በኋላ ክሩን ታላላለህ?»

«እንዴታ! በየቀኑ። እርስዎ ያስተማሩኝ አይደል፣ ጅማቱ ይረፍ ብለው?»

«እኔ ያስተማርኩህ ለበግ አንጀት ነው!»

ስለተቀበረው ብረት ነገርኳቸው። ወዲያው ገባቸው። «እንግዲህ ብረቱ ወደ ኋላ ይስባል፣ ክሩ ወደ ፊት ይስባል። ጥንድ በሬ ናቸው። አንዱን ፈተህ ካሳረፍከው ሌላው ቀንበሩን ይዞት ይዞራል። ወጥረህ ተወው፣ አታሳርፈው።»

እናንተም ስሙኝ። ቤዝ ጊታር ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ክሩን አታላሉ፤ እንደተቃኘ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። እኔ ያን ቀን ቃኝቼው መልሼ አላላላሁትም። በሁለተኛው ሳምንት አንገቱ ተመለሰ፣ ክሮቹም ከስስ ብረቶቹ ላይ ተነሱ። በፋሲካ ምሽት አለቃው ወደኔ ዞር ብሎ አንዴ ራሱን ነቀነቀ። ቦታዬ ተረፈልኝ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበር። ቤዝ ሲበላሽ እንጂ ሲስተካከል የሚሰማው ሰው የለም። አለቃው ከዚያ ወዲያ ወደ እኔ አልዞረም፤ የሚያዞረው ነገር አላገኘማ። ከበሮ መቺው ዝንቡ እንዴት አደረ እያለ መቀለዱን ተወ። አከራዬ ድስቴን አይከፍቱም። ተጫውቼ፣ ጠቅልዬ፣ ወደ ክፍሌ እገባለሁ። በዚያ ጾም፣ ዓመት ሙሉ ካናገረኝ ሰው የሚበልጥ ሰው አናግሮኝ ነበር፤ ሁሉም ስለ ጥፋቱ ነው። ናፈቀኝ። ጥፋት ይናፍቃል ብሎ ማን ያምናል?

ሰኔ ሊገባ ሲል አንድ ቀን፣ ከልምምድ መልስ፣ አራቱን ክሮች ሆን ብዬ አላላኋቸው። በማግስቱም፣ በሳልስቱም ደገምኩት። በልምምድ ቀን ብቻ እወጥረዋለሁ። አለቃው ጆሮውን ሲያቆም ሳይ ደግሞ በጋቢ ጠቅልዬ ዳገቱን ወጣሁ።

አባቴ ቤዙን ተቀብለው ጆሯቸውን አላስጠጉም። አንገቱን አንዴ ብቻ ዳሰሱትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ዕቃውን ሳታሳምም መምጣት ትችል ነበር» አሉኝ።

ክሩን ራሳቸው እያጠበቁ ቃኙልኝና ሳይመሽብህ ውረድ ብለው ሸኙኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ቤዙን ክፍሌ ትቼ ዳገቱን ወጣሁ። አባቴ በር ላይ ስደርስ ባዶ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።