«ጥሩ ዝናብ» ያለው እሱ ነው

የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ያደረሰብኝ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ስንዴዬን ያበላሸውን ዝናብ አልከስም፤ ዝናብ የፈጣሪ ነው። የምከሰው ሰውዬውን ነው። መጀመሪያ አሳሳተን፤ ከዚያ በሰው ፊት አዋረደኝ።

ስንዴው ሊደርስ ሲል ሰብስቦን «በበጋው ጥሩ ዝናብ ይጠበቃል» አለ። እኛ ዘንድ ጥሩ ዝናብ ማለት በጊዜው መጥቶ በጊዜው የሚሄድ ነው። እኔ ግን ሰማዩን አላመንኩትምና ልጄን ቶሎ በማጭድ እናንሳው አልኩት።

«እማዬ፣ ባለሙያው ጥሩ ነው እያለ ምን ያስቸኩልሻል? ኮምባይነሩ ይምጣ» አለኝ።

ኮምባይነሩ ሲመጣ ጭቃ ዋጠው። ስንዴው ዛላው ላይ እንዳለ በቀለ። ባለሙያውን ብጠይቀው «ይዘንባል አልኩ፣ ዘነበ። እርስዎ በደንብ ስላልሰሙኝ ነው» አለኝ። ሰው ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታውን አልመለስኩም። ሳጉሬ ገበያ ባየሁት ቁጥር «ጥሩ ዝናብ መጣ፣ ጃንጥላ ያዙ!» እላለሁ። ስሙ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌ ቢልክብኝ «መጀመሪያ ያለውን ይመን» ብዬ መለስኳቸው።

ዘንድሮ ስለ አየር ጠባይ የምታስረዳ ሴት ከአሰላ መጥታ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን፤ ባለሙያውም ነበር። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ማዕበል እንዳይወስዳቸው ከባሕሩ ወለል ጋር በገመድ የታሰሩ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች አሉ አለች፤ የውሃውን ሙቀት እየለኩ ይልካሉ፤ በአፍሪካ በኩል ያለው ውሃ ከልኩ በላይ ሲሞቅ እኛ ጋ በአጨዳ ወቅት ዝናብ ሊበዛ ይችላል።

ተነሣሁ። «ልጄ፣ አምና ስንዴያችን ዛላው ላይ የበቀለ ጊዜ ያ የታሰረው ነገር ምን ብሎ ነበር?»

«ውሃው ሞቋል ብሎ ነበር፣ እማማ። እኛም ዝናቡ ከመደበኛ በላይ ስለሚሆን የደረሰ ሰብል ይሰብሰብ ብለን ለባለሙያዎች ልከናል።»

ወደ ባለሙያው ዞርኩ። «ባሕር ላይ የታሰረው እውነቱን ተናገረ። አንተ መሬት ላይ ቆመህ ምን አልከን? በኦሮምኛ ‹ሮባ ጋሪ› አልክ፤ በአማርኛ ‹ጥሩ ዝናብ› አልክ። በሁለት ቋንቋ ነው ያልሰማሁህ?»

ከኋላ አንዱ «ጋሪውንስ ሁላችንም ሰምተናል፣ የሚጎትተው አህያ ነው የጠፋው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የዚህን ጊዜ የተሳቀው በእኔ አይደለም።

ባለሙያው ተነሥቶ አጉተመተመ። «ጮክ በል፣ ከኋላ ያሉት አይሰሙም» አልኩት።

«እርስዎ በደንብ ሰምተውኛል፣ እማማ። ‹ከመደበኛ በላይ› ብል አይገባችሁም ብዬ ‹ጥሩ› ያልኩት እኔ ነኝ።»